ሐኪሙን የሚያዘው ሐኪም ማነው?

ባለፈው እትም ስለ ሆስፒታል ቢል ጽፈን ነበር፣ የመጣው ጥያቄ ግን ግማሹ ስለ ቢል አይደለም፣ «ዶክተሮቹን የሚቆጣጠራቸው ማነው?» የሚል ነው። ጥሩ፣ ይሄ ደግሞ የኔ ሰፈር ነው። ለማታውቁኝ፣ እዚህ አሜሪካ አንድ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል ውስጥ የሐኪሞች ጉዳይ ቢሮ ነው የምሰራው፣ ሐኪም ሲያመለክት ወረቀቱ የሚጣራበት፣ የዲፓርትመንት ሃላፊዎቹ ሲሰበሰቡ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ክፍል ማለት ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ የመድሃኒት ጥያቄ አትላኩልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የሆስፒታሎቹንም ስም አውጥቼዋለሁ።

«ሰላም እህቴ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ልቧ ደክሞ ውሃ ይዟት እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሆስፒታል ተኝታለች። በየሁለት ሶስት ቀኑ የሚመጣው ዶክተር ሌላ ነው፣ አንዱ ላሲክስ (ውሃውን የሚያሸናው መድሃኒት) ጨምሩ ይላል፣ ሌላው ኩላሊቷን ይጎዳል ቀንሱ ይላል፣ የራሷ ዶክተር ደግሞ አንድም ቀን ብቅ አላለም። ሊፍቱ ጋ የሐኪሞች ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ፣ «ቼር፣ ዲፓርትመንት ኦፍ ሜዲስን» የሚል አለበት። የአክስቴ ልጅ እሱን አናግሪው አለችኝ፣ እኔ ግን ከተቆጣ እናቴ ላይ ይወጣብኛል ብዬ ፈራሁ። ሰውየው ማነው? ይጠየቃል ወይ?» ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ይጠየቃል። ግን ከሱ በፊት የሚንኳኩ በሮች አሉ፣ እነሱን ዘለሽ ብትሄጂ እሱም ዞሮ እነሱኑ ነው የሚጠይቀው።

መጀመሪያ የራሷ ዶክተር ለምን አልመጣም ያልሽው። ድሮ ይመጡ ነበር፣ ጠዋት ሆስፒታል ያሉ በሽተኞቻቸውን አይተው ነበር ክሊኒክ የሚገቡት። አሁን ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚሰሩ አሉ፣ ሆስፒታሊስት ይባላሉ፣ ስሙን በ1996 ሮበርት ዋክተርና ሊ ጎልድማን የሚባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪሞች ጽፈውት ነው የታወቀው፣ ከዛ ወዲህ አገሩን ሞሉት። ብዙ ቦታ 7 ቀን ሰርተው 7 ቀን ስለሚያርፉ እናትሽ በፈረቃው መሃል ከገባች ወዲያው አዲስ ፊት ታያላችሁ፣ በዛ ላይ የልቡ ሐኪም አለ፣ የኩላሊቱ አለ፣ የማታው አለ። የላሲክሱ ነገር ደግሞ የግድ ስህተት ነው ማለት አይደለም፣ ልቧ ውሃው እንዲወጣላት ይፈልጋል፣ ኩላሊቷ ደግሞ በጣም ሲወጣ ይቸገራል፣ እነሱ እየተጓተቱ ልኩን ይፈልጋሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄንን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳሽ ሰው መጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ሰውዬ። የሜዲስን ቼር ማለት እዛ ሆስፒታል ውስጥ ያሉ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ሃላፊ ነው፣ ሆስፒታሊስቶቹ፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የሳንባ፣ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እሱ ስር ናቸው። ሰርጀሪ የራሱ አለው፣ ማህጸንና ጽንስ የራሱ፣ ኢመርጀንሲ፣ አንስቴዥያ፣ ራዲዮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ እንደ ሆስፒታሉ ትልቅነት ህጻናትና አእምሮ ህክምናም። እና ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል ውስጥ ይሄ ሰው ቢሮ ተቀምጦ የሚያዝ አለቃ አይመስልም። ልክ እንደ እድር ሊቀመንበር በለው፣ አባላቱ መርጠውት፣ የራሱን ስራ እየሰራ፣ መዝገቡ ግን እሱ እጅ ነው። ጠዋት የራሱን በሽተኞች ያያል፣ ከሰዓት ክሊኒክ አለው፣ በመሃል እኛ ቢሮ መጥቶ ቆሞ ወረቀት ይፈርማል። የስራ ዘመኑ ብዙ ቦታ 2 ዓመት ነው፣ አንዳንዱ ሆስፒታል ምርጫ ሳይሆን ሹመት ያደርገዋል፣ የሐኪሞቹ መተዳደሪያ ደንብ ላይ የተጻፈው ነው የሚሰራው።

መዝገቡ ምን መሰላችሁ፣ ፕሪቪሌጅ የሚባለው ፎርም ነው፣ ለኔ ከሆስፒታሉ ወረቀቶች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሐኪም ላይሰንስ ስላለው ብቻ ሆስፒታል ገብቶ የፈለገውን መስራት አይችልም። ለምሳሌ የልብ ሐኪም ሲያመለክት ብዙ ገጽ ፎርም እንሰጠዋለን፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ስራ ተጽፏል፣ የተኛ በሽተኛ ማማከር፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ማንበብ፣ ካቴተር አስገብቶ የልብ ደም ስር ማየት፣ ስቴንት (የጠበበ ደም ስር የሚከፍት ቱቦ) ማስገባት፣ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሳሪያ) ማስገባት፣ ከጎኑ ሳጥን አለ፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከዛ ባለፉት 24 ወራት ስንት እንደሰራ ሎጉን ያያይዛል። ቼሩ ቁጭ ብሎ በየመስመሩ ያየዋል። ስቴንት ይሁን፣ ፔስሜከር አይሆንም ቁጥሩ አይበቃም፣ ወይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ሌላ ሐኪም ቆሞ ይይለት ይላል። ፊርማው እስኪመጣ ድረስ ፋይሉ ከኛ ጠረጴዛ አይንቀሳቀስም፣ የሆስፒታሉ ዋና ስራ አስኪያጅ ራሱ ደውሎ «ይሄ ሰውዬ ሰኞ መጀመር አለበት» ቢል እንኳን። ከሱ በኋላ ኮሚቴ አለ፣ መጨረሻ ላይ ቦርድ ያጸድቃል፣ ግን ቼሩ እምቢ ያለውን ሲያልፍ ብዙም አላየሁም። ሌላው ስራው ከዛ በኋላ መከታተል ነው፣ የማን በሽተኛ ኢንፌክሽን በዛበት፣ የማን በሽተኛ ቤቱ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ፣ ማን ሲጠራ አይመልስም፣ እያንዳንዱ ሐኪም ላይ በየጊዜው ሪፖርት ይወጣል እሱም ያያል፣ ይሄ ምርጫው ሳይሆን ግዴታው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ነርሷን «ዛሬ የእናቴ አቴንዲንግ ማነው?» ብለሽ ጠይቂና ስሙን ጻፊ፣ አቴንዲንግ ማለት የዛን ቀን ህክምናዋን የሚመራው ሐኪም ነው። ከዛ «ፋሚሊ ሚቲንግ እፈልጋለሁ፣ የልቡም የኩላሊቱም ሐኪም ሃሳብ አንድ ላይ ይነገረኝ» በይ። ብዙው ነገር እዚህ ያልቃል እመኚኝ። ካልሆነ ቻርጅ ነርሷን (የክፍሉን ነርሶች የምትመራውን) አናግሪ፣ ከሷም ካለፈ የፈረቃውን ነርሲንግ ሱፐርቫይዘር። እነሱም ካልቻሉ የሆስፒታሉን ዋና ስልክ ደውለሽ ኦፕሬተሯን የሜዲስን ቼሩን ቢሮ አገናኚኝ በያት፣ ሚስጥር አይደለም። ስታገኚው ደግሞ ሶስት ነገር ብቻ ንገሪው፣ የእናትሽን ስምና ክፍል፣ ማን መቼ ምን እንዳለ፣ አንቺ የምትፈልጊውን። «ማንም አይሰማንም» ብትይው አዝኖ ይሰማሻል ግን ምንም የሚያደርገው የለም፣ «ማክሰኞ ዶክተር እገሌ ጨምሩ አሉ፣ ሐሙስ ዶክተር እገሌ ቀንሱ አሉ፣ እቅዱን የነገረን የለም» ብትይው ግን ስልኩን እንደዘጋሽ ሁለት ሰው ጋ ይደውላል። በነገራችን ላይ እናትሽ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይ ከተቀየረችብሽ ቼር ምናምን ፍለጋ አትሂጂ፣ ብዙ ሆስፒታል ቤተሰብ ራሱ ደውሎ ራፒድ ሪስፖንስ ቲም (በሽተኛ ድንገት ሲብስበት ፈጥኖ የሚመጣ ቡድን) መጥራት ይችላል፣ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ፈልጊ ወይ ነርሷን ጠይቂ።

ስለ ፍርሃቱ፣ ሁላችንም ያደግንበት ነው፣ ዶክተር አይጠየቅም ብለውናል። እዚህ ግን ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ቅሬታ የሚቀበልበት ስርዓት እንዲኖረው በፌዴራል ደንብ ይገደዳል፣ በጽሁፍ ካቀረብሽ በጽሁፍ ይመልሱልሻል፣ 7 ቀን ገደማ ነው ተገቢ ተብሎ የሚታሰበው። ደግሞ እናትሽ እንግሊዝኛው ካልገባት አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ጀምሮ ያለ መብት ነው፣ በስልክም በቪዲዮም አማርኛ አለ። የ12 ዓመት ልጅሽን ቆመሽ አታስተርጉሚያት፣ ብዙ ቤት ይሄ ሲደረግ አያለሁ፣ ልጅቷ አያቷ ልቧ ደክሟል የሚለውን እንዴት ብላ ትተርጉመው?

«እንደምን ነሽ። ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ኦፕሬሽን ተሰርቶ የሐሞት ቱቦው ተቆርጦበት፣ በአምቡላንስ ትልቅ ሆስፒታል ተልኮ ሁለተኛ ተከፈተ። ስራ ከፈታ ቆየ። ለሰርጀሪ ቺፉ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልሱ «ጉዳዩን በውስጥ አሰራራችን አይተነዋል፣ ውጤቱ በህግ ሚስጥር ነው፣ ስላሳወቁን እናመሰግናለን» ነው። ዶክተር ለዶክተር መሸፋፈን አይደለም ይሄ?» ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም እንደዛ አይነት ደብዳቤ ታይፕ አድርጌ አውቃለሁ፣ ስጽፈውም ደስ አይለኝም። መልሴ ግማሹ «አይደለም»፣ ግማሹ «አዎ ነው» ነው።

ከደብዳቤው ጀርባ የሆነውን ልንገርህ። ያንተ ደብዳቤ ሲገባ የበሽተኛው ቻርት ይወጣል፣ ቺፉ (ከላይ ቼር ያልኩት የዲፓርትመንት ሃላፊ ማለት ነው) ከዲፓርትመንቱ አንድ ሐኪም ይመርጥና አንብብ ይለዋል፣ የኦፕሬሽን ኖቱን፣ የአንስቴዥያውን መዝገብ፣ የነርሶቹን ኖት። ያ ሐኪም ፎርም ይሞላል፣ ህክምናው ተገቢ ነበር፣ መሻሻል የሚችል ነበር፣ ተገቢ አልነበረም። ከዛ ኮሚቴ አለ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤግል እየበሉ የሚቀመጡት፣ ምክንያቱም 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ኦፕሬሽን ክፍል መግባት አለባቸው። እዛ ሰርጅኑ ይጠራና «ቱቦዎቹን ለይተህ ሳታይ ለምን ክሊፕ አደረግክ? ከብዶህ ከነበረ ለምን ወደ ክፍት ኦፕሬሽን አልቀየርክም? ለምን ሌላ ሰው አልጠራህም?» ይባላል። ውጤቱ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥሉት ኬሶች ላይ ሌላ ሰርጅን እየቆመ ይየው ሊባል ይችላል፣ ከባድ ከሆነ ደግሞ ፕሪቪሌጁ ይታገዳል። ከ30 ቀን በላይ ከታገደ ለፌዴራሉ የሐኪሞች መረጃ ቋት ሪፖርት ይደረጋል፣ ቋቱ በ1986 በወጣ ህግ ተቋቁሞ በ1990 ነው ስራ የጀመረው፣ ሐኪሙ የትም ስቴት ሄዶ ሆስፒታል ሲያመለክት ያ ሆስፒታል ቋቱን የመጠየቅ ግዴታ አለበት፣ ከዛም በየ2 ዓመቱ። አንተ ግን ገብተህ ማየት አትችልም፣ ለህዝብ ዝግ ነው።

ለምን ሚስጥር ሆነ ብትል፣ የሚሰጡት ምክንያት ሐኪሞቹ የሚናገሩት ፍርድ ቤት የሚቀርብባቸው ከሆነ ማንም አፉን አይከፍትም የሚል ነው። እኔ ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ ስለምይዝ እላለሁ፣ እውነታቸውን ነው፣ እዛ ክፍል ውስጥ በጣም ከባድ ነገር ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ግማሽ ያልኩህ ግን ለዚህ ነው፣ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ሰርጅኖቹ አምስት ስድስት ናቸው፣ ቻርቱን የሚያነበው ወይ የስራ ሸሪኩ ነው ወይ ተፎካካሪው። ሸሪኩ ከሆነ ያለዝበዋል፣ ተፎካካሪው ከሆነ ያከርረዋል። ደህና ቺፍ እንደዛ ሲሆን ቻርቱን ስም ሸፍኖ ውጭ ላለ ገምጋሚ ይልከዋል፣ ገንዘብ ያስወጣል ግን ይልከዋል። የማይልኩም አሉ።

ደግሞ አንድ ታሪክ አለ፣ የኛ ቢሮ የተፈጠረበት ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ህዳር 1960፣ ኢሊኖይ ስቴት፣ ቻርለስተን ኮሚዩኒቲ ሜሞሪያል ሆስፒታል። ዶረንስ ዳርሊንግ የሚባል የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ፉትቦል ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ መጣ። የዛን ቀን ኢመርጀንሲ ተረኛ የነበረው ጠቅላላ ሐኪም ነው፣ አጥንቱን መልሶ ጄሶ አደረገለት። ልጁ ቶሎ ነው ህመም የጀመረው፣ ጣቶቹ አበጡ፣ ጠቆሩ፣ ቀዘቀዙ፣ ነርሶቹ ያዩታል፣ ቻርት ላይም አለ። ጄሶው በሶስተኛው ቀን በመጋዝ ሲቀደድ መጋዙ እግሩን ሁለት ጎን ቆረጠው፣ ክፍሉ ሸተተ። የአጥንት ስፔሻሊስት አማክሩ ያለ የለም። ሁለት ሳምንት ተኝቶ ሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው ባርንስ ሆስፒታል ተላከ፣ ብዙ ጊዜ ኦፕሬሽን ከሰሩለት በኋላ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሆስፒታሉ ፍርድ ቤት ሲቆም «እኛ አልጋና ነርስ ነው የምናቀርበው፣ ህክምናው የሐኪሙ ጉዳይ ነው» አይነት ነገር አለ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 አይሆንም አለው፣ የራስህን ደንብ አልተከተልክም፣ ሐኪሙ የሚሰራውን አልተከታተልክም፣ አማክር ብለህ አላስገደድክም፣ ስለዚህ ተጠያቂ ነህ። ጁሪው የፈረደለት 150,000 ዶላር ነበር፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የተስማማበት 40,000 ተቀንሶ 110,000ው ሆስፒታሉ ላይ ጸና። ከዛ ወዲህ የትኛውም ሆስፒታል «የሐኪሙ ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን መታጠብ ከበደው፣ የዲፓርትመንት ሃላፊ ፊርማም ክብደት ያገኘው ከዛ ነው።

አንተ አሁን የምታደርገው። የወንድምህን ሙሉ ቻርት አስወጣ፣ ፊርማው የሱ መሆን አለበት፣ ሂፓ በሚባለው ህግ 30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው፣ በተለይ የኦፕሬሽን ኖቱን ከሁለቱም ሆስፒታል፣ ሁለተኛው ሰርጅን ሲከፍተው ምን እንዳገኘ ጽፏል። የውስጥ ግምገማው ሚስጥር ነው እንጂ ቻርቱ ሚስጥር አይደለም፣ ብዙ ሰው ይሄን ያደባልቃል። ቀጥሎ የቨርጂኒያ ቦርድ ኦፍ ሜዲስን ጋ ማመልከት ትችላለህ፣ ጠበቃ አያስፈልገውም፣ ነጻ ነው። ክስ ካሰብክ ግን ቶሎ ጠበቃ አማክር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአብዛኛው ጊዜው 2 ዓመት ነው፣ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ስትጠብቅ እንዳያልፍብህ። ቱቦ መቆረጥ ጥሩ ሰርጅን ላይም የሚደርስ አደጋ ስለሆነ ጠበቃው መጀመሪያ ሌላ ሰርጅን ነው የሚያስነብበው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የምሰራ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ። እኛ ጋ ዲፓርትመንት ሄድ የሚሆነው ሲኒየር ስለሆነ ወይ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው፣ ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ይመራል፣ የዲዩቲ ሮስተር (የተረኞች ዝርዝር) ያወጣል፣ ራሱም ዲዩቲ ይገባል፣ ግላቭ ሲያልቅ የሚጨቃጨቀው እሱ ነው። እናንተ ጋ በምርጫ ነው ሲሉ ገረመኝ፣ እውነት ነው? ክፍያስ አለው? ኢትዮጵያ የተማረ ሰውስ መሆን ይችላል?»

ዶክተር፣ የጻፍከውን ለአንዱ ቼራችን አነበብኩለት፣ ሳቀና «ግላቩን ብቻ ነው የማላውቀው» አለኝ።

ምርጫው እውነት ነው ግን አታጋነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ እጩ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ስብሰባው ላይ ስላልተገኘ የተመረጠ ነው (ቀልዴን አይደለም)። ክፍያ ሆስፒታሉ ይለያል፣ አንዳንዱ ምንም የለውም፣ አንዳንዱ በወር የሆነች ገንዘብ ይሰጣል፣ ከሰጠ ደግሞ በውል ነው፣ ዋጋው ገበያው የሚያወጣው ልክ መሆን አለበት፣ ብዙ ቦታ በወሩ መጨረሻ ስንት ሰዓት ስብሰባ እንደተቀመጠ ስንት ቻርት እንዳየ በሰዓት ሞልቶ ካልፈረመ አይከፈለውም። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ሆስፒታል በሽተኛ ለሚልክለት ሐኪም በሰበብ ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክል ስታርክ የሚባል የፌዴራል ህግ ስላለ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። እናንተ ጋ ሐኪሙ የሆስፒታሉ ተቀጣሪ ነው፣ ቦርድ አለ፣ ስራ አስኪያጅ አለ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር አለ፣ ከዛ ዲፓርትመንት ሄዱ ይመጣል፣ መስመሩ ወደ ታች ነው። እዚህ በድሮው አሰራር ሐኪሙ የራሱ ቢሮ ያለው ነጋዴ ነው፣ ሆስፒታሉ ደሞዝ አይከፍለውም፣ ታዲያ በምን ያዝዘዋል? ሐኪሞቹ ራሳቸው ተደራጅተው፣ ደንብ አውጥተው፣ አለቃ መርጠው እርስ በርስ ይቆጣጠሩ የተባለው ለዚህ ነው። አሁን ብዙዎቹ ተቀጣሪ ሆነዋል፣ ምርጫው ግን በብዙ ቦታ አልቀረም።

ይሄ ከየት መጣ ካልክ፣ የአሜሪካ ሰርጅኖች ኮሌጅ በ1913 ተቋቁሞ ትንሽ ቆይቶ ለሆስፒታሎች አንድ ገጽ መስፈርት አወጣ፣ ሐኪሞቹ እንደ አንድ አካል ይደራጁ፣ ቢያንስ በወር አንዴ ተሰብስበው ስራቸውን ይገምግሙ፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ቻርት ይያዝ፣ ላብራቶሪና ራጅ ይኑር፣ በቃ ይሄው ነው። 100 አልጋና ከዛ በላይ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሄደው ሲያዩ ያለፉት 89 ብቻ ሆኑ። የወደቁት ውስጥ በጣም ታዋቂ የሆኑ ነበሩበት፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ጋዜጠኛ እጅ እንዳይገባ ኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ አቃጠሉት ይባላል። አሁን ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ1951 የተቋቋመው ከዚሁ ስራ ተነስቶ ነው።

እና ዶክተር፣ ከዚህ አገር ወደ እናንተ ይሂድ ብዬ የምመኘው ምርጫውን አይደለም፣ ፎርሙን ነው፣ ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን የጻፍኩትን ባለ ሳጥኑን። በናንተ ባለ ሶስት ደረጃ አሰራር አንድ ፕራይመሪ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ያገለግላል ይባላል፣ እዛ ሌሊት ሲዜሪያን የሚሰራው ብዙ ጊዜ አይኢኤስኦ የምትሉት፣ ሐኪም ሳይሆን ለድንገተኛ ኦፕሬሽን የሰለጠነ ባለሙያ ነው፣ ጎበዞች ናቸው። ግን እገሌ ሲዜሪያን ይሰራል፣ አንጀት የተቋጠረበትንስ ይከፍታል ወይስ ሪፈር ይላል፣ አዲስ የመጣው ጂፒ ብቻውን ምን ምን ይነካል፣ ይሄ በስም በስም ተጽፎ ኦፕሬሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ዲፓርትመንት ሄዱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በስልክ ከመጨቃጨቅ ይድን ነበር። ወረቀትና ፊርማ እንጂ ማሽን አይጠይቅም።

ኢትዮጵያ የተማረ መሆን ይችላል ወይ ላልከው፣ እንዴታ። እዚህ አገር ከሚሰሩ አራት ሐኪሞች አንዱ ገደማ ውጭ አገር የተመረቀ ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ኢሲኤፍኤምጂ (የውጭ ተመራቂዎችን ዲግሪ የሚያረጋግጠው)፣ ዩኤስኤምኤልኢ (የላይሰንስ ፈተናው)፣ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ስልጠናው)፣ ከዛ የስፔሻሊቲው ቦርድ ፈተና። ቼር ለመሆን ቦርድ ሰርቲፋይድ መሆን ወይ እኩል የሚሆን ብቃት እንዳለህ ማሳየት ነው የሚጠየቀው፣ የት ተማርክ ብሎ የሚጠይቅ መስመር የለም። የሚከብደው ፈተናው አይደለም ይሉኛል፣ ስብሰባ ላይ ቶሎ እጅ ማውጣት ነው ይላሉ፣ እኛ ታላቅ ሳይናገር አንናገርም ብለን ስላደግን።

«እኔ እስራኤል፣ ናታንያ ነው ያለሁት። እዚህ ሜናሄል ማህላቃው (የዲፓርትመንቱ ሃላፊ) ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹን አስከትሎ እያንዳንዱን አልጋ ያያል። አሜሪካ ያለችው እህቴ አንድም ቀን አላየሁም ትላለች፣ ደብቀውት ነው?»

አልደበቁትም እማዬ። እናንተ ጋ በሽተኛው የሚተኛው ዲፓርትመንቱ ውስጥ ነው፣ ፕኒሚት አሌፍ ወይ ፕኒሚት ቤት (የውስጥ ደዌ ሀ ወይ ለ እንደማለት) ተብሎ፣ አልጋውም ሐኪሙም ነርሱም የዛ ክፍል ነው፣ ሃላፊውም በደሞዝ የተቀመጠ ነው። አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ሆስፒታል ውስጥ ግን አንድ ፎቅ ላይ የአምስት ዲፓርትመንት በሽተኛ ጎን ለጎን ይተኛል፣ ቼሩ የሐኪሞቹ እንጂ የፎቁ ሃላፊ አይደለም። ለበሽተኛው የናንተው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቢያንስ ፊቱን ታያላችሁ።

«ነርስ ነኝ፣ ላስ ቬጋስ፣ የቻርጅነት ኢንተርቪው አለብኝ። ቼር፣ ቺፍ ኦፍ ስታፍ፣ ሲኤምኦ፣ ማን ከማን ይበልጣል?»

ሲኤምኦ (ቺፍ ሜዲካል ኦፊሰር) ሆስፒታሉ የቀጠረው ሐኪም ነው፣ ለዋና ስራ አስኪያጁ ነው የሚመልሰው። ቺፍ ኦፍ ስታፍ ሐኪሞቹ የመረጡት ነው፣ ቼሮቹ የሚቀመጡበትን ኤግዘኪዩቲቭ ኮሚቴ ይመራል። ሁለቱም ቦርዱ ስር ናቸው። ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቁሽ ግን ይሄን አይመስለኝም፣ «ሌሊት የበሽተኛ የደም ግፊት ወርዶ ኦንኮል (ተረኛው) ሐኪም ስልክ ባያነሳ ምን ታደርጊያለሽ?» ነው የሚሉሽ። ደግመሽ ትደውያለሽ፣ ሰዓቱን ትጽፊያለሽ፣ ራፒድ ሪስፖንስ ትጠሪያለሽ፣ ሱፐርቫይዘሯን ትቀሰቅሻለሽ፣ ከዛ የዲፓርትመንቱን ቼር፣ ከሱ ቺፍ ኦፍ ስታፉን ወይ ሲኤምኦውን። ቼሩን ሌሊት 9 ሰዓት መቀስቀስ ነውር አይደለም፣ ስልኩ ለዛ ነው የተሰጠን። መልካም እድል።

«ባለቤቴን ያዋለዱት ዶክተር ደም ሲፈሳት ህይወቷን አትርፈውልናል። ስጦታ መስጠት ፈልጌ ነበር፣ ሚስቴ 200 ዶላር ጊፍት ካርድ አለች፣ እናቴ ዶሮ ወጥ ሰርቼ እወስዳለሁ አለች። የማህጸን ክፍሉን ሃላፊስ ማመስገን አለብን?» ከአትላንታ

እንኳን ማርያም ማረቻት! ጊፍት ካርዱን ተዉት፣ አብዛኛው ሆስፒታል ጥሬ ገንዘብና ካርድ ይከለክላል፣ ዶክተሯም መመለስ ያሳፍራታል። የእናትህን ዶሮ ወጥ ነርሶቹ ጋ ውሰዱት፣ የማታ ፈረቃ ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀኖቹ ሁሌ ዶናት አላቸው፣ ማታዎቹን ማንም አያስታውሳቸውም። ሚጥሚጣውን ለብቻ አድርጉት።

ለሃላፊዋ ደግሞ ደብዳቤ ጻፉ፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ የወለደችበት ቀን፣ የዶክተሯ ስም፣ የነርሶቹም ስም፣ ምን እንዳደረጉ። ለማህጸንና ጽንስ ዲፓርትመንት ቼር ብላችሁ በሆስፒታሉ አድራሻ ላኩት። እንደኛ አይነት ቢሮ ይደርስና ኮፒው የዶክተሯ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ፕሪቪሌጇ ሲታደስ ቼሯ ፋይሉን ስትከፍት ታገኘዋለች፣ እዛ ፋይል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው ክስና ቅሬታ ስለሆነ እንደዚህ አይነት ወረቀት ሲገኝ ቆም ተብሎ ነው የሚነበበው። በእንግሊዝኛ መጻፍ ከከበዳችሁ በአማርኛ ጻፉት፣ እኔ ጋ ላኩልኝ እተረጉመዋለሁ።